የሰሜን ፖርቱጋል ደረቅ ነጭ ወይን ጠጅና ማዕዱ



በሰሜን ምዕራብ ፖርቱጋል፣ የስፔን ወሰን ከሆነው ከሚኙ ወንዝ አንሥቶ እስከ ዶሩ ወንዝና ጥቂት አልፎ በሚዘረጋው አገር፣ ቪኙ ቬርድ የሚባል የወይን ጠጅ ይጠመቃል። የስሙ ትርጉም «አረንጓዴ ወይን» ቢሆንም ነገሩ የቀለም አይደለም፤ ነጭም ቀይም አለው። ስሙን ከአገሩ ልምላሜ ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ገና በለጋነቱ ስለሚጠጣ ነው ይላሉ። የአካባቢው ወሰን በሕግ የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ ደረቁ ነጭ ወይን ነው። ደረቅ ማለትም የፍሬው ስኳር ከሞላ ጎደል ወደ አልኮል ተለውጦ ጣፋጭነት ያልቀረበት ማለት ነው።

ይህን ወይን ብቻውን የቀመሰ ሰው ብዙ ጊዜ ፊቱን ያጨማድዳል። ኮምጣጣ ነው፤ አልኮሉም አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 11.5 በመቶ ቢሆን ነው። ነገር ግን ድልድይ ጭነት ሳያልፍበት ስለ ጥንካሬው እንደማይፈረድ ሁሉ፣ ይህም ወይን ምግብ ሳይቀርብ ሊመዘን አይገባውም።

ኮምጣጣነቱ የመጣው ከአየሩ ነው። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ ነፋስ በብዙ ስፍራ በዓመት ከ1,200 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ያወርዳል፤ በጋውም የለዘበ ስለሆነ ፍሬው አሲዱን እንደያዘ ይበስላል። በዚህ ላይ የገበሬው ብልሃት ተጨምሮበታል። መሬቱ ጠባብ በመሆኑ፣ ማሳው ለበቆሎና ለጎመን ተትቶ የወይኑ ሐረግ በዳር ባሉ ዛፎች ላይ እንዲንጠላጠል፣ ወይም በግራናይት ዓምዶች በቆመ ከፍ ያለ ዳስ ላይ እንዲዘረጋ ይደረግ ነበር። ለቀማው በረጅም መሰላል ነበር። ከፍታው ፍሬውን ከመሬት እርጥበትና ከሻጋታ ይጠብቃል፤ ብስለቱን ግን ያዘገያል። አዳዲሶቹ እርሻዎች ዛሬ በአብዛኛው በሽቦ መስመር የተተከሉ ናቸው።

ምላስን የሚነካካው ጥቃቅን አረፋም የራሱ ታሪክ አለው። በድሮው አሠራር ባክቴሪያዎች ማሊክ አሲድን ወደ ለዘበው ላክቲክ አሲድ ሲለውጡ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በታሸገው ጠርሙስ ውስጥ ይቀር ነበር። ዛሬ ብዙ ጠማቂዎች ይህን ለውጥ አግደው ጋዙን በማሸጊያው ጊዜ ይጨምራሉ። ይህስ ባልከፋ። የሚያሳዝነው ግን፣ ለውጭ ገበያ ከሚላኩት መካከል ኮምጣጣነቱ እንዲሸፈን ጣፋጭነት የሚጨመርባቸው መኖራቸው ነው። እንዲህ ያለው ወይን ለአንድ ጉንጭ ደስ ያሰኛል፤ በማዕድ ላይ ግን ሥራውን ያጣል።

ሥራው ምንድን ነው? የአገሩ ምግብ ጨውና ዘይት የበዛበት ነው። ባካልያው የሚባለው በጨው የደረቀ የኮድ ዓሣ ተዘፍዝፎ ጨው ከወጣለት በኋላ፣ ከድንች ጋር ተዘጋጅቶ የወይራ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ይፈስበታል። በፍም የተጠበሰው ሳርዲንም ቅባታም ነው። የወይኑ አሲድ ምራቅን ያመነጫል፤ በአፍ የቀረውንም የቅባት ስሜት ያጥባል። ጨውም በበኩሉ የወይኑን ኮምጣጣነት ያለዝበዋል። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ትርፍ ይሸከማል። ዓሣ ላይ ሎሚ የሚጨመቀውም ስለዚሁ ነው። ቀይ ወይን ለዚህ ቦታ እምብዛም አይሆንም፤ በወይን ውስጥ ያለው ብረት ከባሕር ምግብ ጋር ሲገናኝ የዓሣን ሽታ እንደሚያጎላ የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 አሳይተዋል፤ ብረቱም በቀዩ ወይን ብዙ ጊዜ ይበዛል።

ደረቅ ነጭ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ሎሬይሩ ከሚባለው ዘር የሚጠመቀው፣ አበባ አበባ የሚሸተው ቀላል ወይን፣ በነጭ ሽንኩርትና በድንብላል ቅጠል ለበሰሉ ዛጎል ለበስ የባሕር ፍጥረታት ይበቃል፤ ለባካልያው ግን ይሳሳል። ለእርሱ የሚሻለው አልቫሪኙ ነው። ይህ ዘር በተለይ በሞንሳውና በሜልጋሱ፣ ተራሮች ከውቅያኖሱ ነፋስ በሚከልሏቸው ወረዳዎች ይለማል፤ አልኮሉ ብዙ ጊዜ እስከ 13 በመቶ ይደርሳል፤ ለሸርጣንና ለተጠበሰ ዶሮም ይመጥናል፤ ለጥቂት ዓመታትም ይቀመጣል። ቀላሉ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ፣ አልቫሪኙ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቅዞ ቢቀርብ መልካም ነው፤ ከዚያ በላይ ማቀዝቀዝ ሽታውን ማፈን ነው።

ከጣፋጭ ምግብ ጋር አይቅረብ፤ ወይኑ ባዶና መራራ ይሆናል። ኮምጣጤ የበዛበት ሰላጣም ያደክመዋል። ካልዱ ቬርድ ግን አከራካሪ ነው። ይህ የድንችና እንደ ክር የተከተፈ ጎመን ሾርባ ነው፤ በሾርባ ላይ ወይን መጠጣት ለብዙዎች ትርፍ ነገር ይመስላቸዋል። ሆኖም በሳህኑ ውስጥ የሚጣለው የቋሊማ ቁራጭ ቅባቱን መልቀቅ ሲጀምር፣ ብርጭቆው መፈለጉ አይቀርም።