የፈታይዋ ድካም ዋጋ ይውጣለት
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ አንዲት የአገራችን ልጅ ልንነግራችሁ ወደናል። ሊያ ከበደ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ አበባ ተወልዳ በሞዴልነት ዓለም ያወቃት ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤስቴ ላውደር የተባለው የአሜሪካ የመዋቢያ ኩባንያ ምርቶቹን እንድታስተዋውቅ ሲመርጣት፣ በኩባንያው ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። በ2005 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የእናቶችና የሕፃናት ጤና አምባሳደር አድርጎ ሾማት።

እኛን ይበልጥ የሚመለከተን ግን ከዚያ ወዲህ የሠራችው ነው። ወደ አገሯ ስትመላለስ የሸማኔው ገበያ እንደ ቀዘቀዘ፣ ባለሙያውም ሥራ እያጣ እንደሆነ አየች። በ2007 «ለምለም» የተባለ የልብስ ድርጅት አቋቋመች። ሸማኔውን መወርወሪያውን አላስጣለችውም። በዚያው በእጅ በሚሠራው ሸማ ሌላ አገር ያለች ሴት ለዘወትር የምትለብሰውን ቀሚስ፣ የአንገት ልብስና የልጆች ልብስ አሠራችበት። ገበያውም ተገኘ።

በሕንድም ሪቱ ኩማር የተባለች ዲዛይነር እንዲሁ አድርጋለች። በ1960ዎቹ ኮልካታ አጠገብ በእንጨት ማኅተም ጨርቅ ከሚያትሙ ባለሙያዎች ጋር ሥራ ጀመረች። በ2013 የሕንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን የክብር ሽልማት ሰጥቷታል።

እህቶቻችን፣ ወደ እኛው ወደ እስቴ እንመለስ። በአገራችን ልማድ ሽመናው የወንድ፣ ፈትሉ የሴት ነው። ጥጡን ዳምጠን፣ ነድፈን፣ አባዝተን፣ በእንዝርት ፈትለን ድሩንና ማጉን የምናቀርብ እኛ ነን። አንድ ጋቢ ከሸማኔው እጅ ከመግባቱ በፊት የብዙ ሌሊት ፈትል አለበት። ዋጋ ሲቆረጥ ግን የጥጡ መግዣ ይታሰባል፣ የሸማኔው የእጅ ዋጋ ይታሰባል፤ የፈታይዋ ድካም የቤት ሥራ ተብሎ ይታለፋል። ሸማኔውም ቢሆን «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲሰደብ የኖረ ነው። ሰው የናቀው ሙያ ዋጋው ይረክሳል። ልጆቻችን እንዝርት ማንሳት ቢጠሉ አንፍረድባቸው፤ የማያበላ ሙያ ማን ይወርሳል?

የፋብሪካ ክር ከእኛ ፈትል ይረክሳል። በርካሽነት ከእሱ ጋር መፎካከር አንችልም። የምንችለው በጥራት ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ እያንዳንዷ አባል ለአንድ ጋቢ የፈተለችበትን ቀን ትቁጠር፤ ዋጋ ስንቆርጥ ያ ቀን ይታሰብ። ሁለተኛ፣ ከሸማኔዎቻችን ጋር ተስማምተን ድውሩን ብቻ ከመሸጥ ያለቀ ልብስ እንሽጥ። ሦስተኛ፣ መፍተል የምትማር ልጅ ከመጀመሪያው ድውሯ ጀምሮ ይከፈላት።

ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። አዝናችሁልን ብቻ አትግዙን። ጉድለት ያለበትን መልሱልን፤ ገዢ የሚወደውን ስፋትና ቀለም ንገሩን። ሊያ ለሸማኔዎቹ ያመጣችላቸው ምጽዋት ሳይሆን ገዢ ነበር። እኛም የምንፈልገው እሱን ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ድሩን የምንፈትለው እኛ ስለሆንን፣ ለማበሩም እኛው እንቅደም።