የእፉኝት ልጅ እናቱን ይገድላልን?
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ሰሞን ኦሎምፒያ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት እናት ልጃቸውን «አንተ የእፉኝት ልጅ!» ብለው ሲቈጡት ሰማሁ። ስድቡ ለራሳቸው እንደሚተርፍ ልብ ያሉት አልመሰለኝም። የነገሩ ምንጭ ግን ከዚያ ሠፈር የራቀ ነው። ከግሪክኛ ወደ ግእዝ የተተረጐመው ፊሳልጎስ፣ እፉኝት ስትፀንስ ወንዱን ትገድላለች፤ ልጆቿም ሆዷን ቀድደው ሲወጡ እርሷን ይገድሏታል ይላል። ሄሮዶቱስም ስለ ዓረብ አገር እባቦች ይህንኑ የመሰለ ታሪክ ጽፎ ነበር።

ክርክሩን የቈረጠው የመስተዋት ሣጥን ነው። እፉኝትን በሣጥን የሚጠብቁ ሰዎች እናቲቱ ወልዳ በሕይወት ስትኖር፣ ከዚያም ደግማ ስትወልድ አይተዋል። ዕንቍላሏን እስኪበስል በሆዷ ይዛ ታቈየዋለች፤ ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ በስስ ከረጢት ተጠቅልሎ በተፈጥሮ መውጫው ይወለድና ከረጢቱን ቀድዶ ብቅ ይላል። የሚቀደደው እንግዲህ ይኸው ነው እንጂ የእናት ሆድ አይደለም። እኔ እንደምገምተው፣ ያረገዘችውን በዱላ የመታ ሰው ሆዷ ፈንድቶ ሕያዋን ልጆች ሲወጡ አይቶ ይሆናል፤ ገዳዩ ዱላው ሲሆን ወንጀሉ በልጆቹ ላይ ተጻፈ።

በአገራችንም የሚገኘው፣ በሳይንስ ቢቲስ አሪየታንስ የተባለው እፉኝት ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ይወልዳል። ከኬንያ የሄደች አንዲቱ በቼክ አገር የእንስሳት ማቆያ ውስጥ 156 ወልዳለች።

ወንዱስ ተገደለን? በዐይንና በአፍንጫ መካከል ሙቀት የሚለዩበት ጕድጓድ ያላቸው እፉኝቶች በአፍሪካ የሉም፤ በእስያና በአሜሪካ ግን ብዙ ናቸው። ከነዚሁ ወገን ጅራቷን እንደ ጸናጽል የምታንሿሿ አንዲት የአሜሪካ እባብ፣ ከዱር ተይዛ ያለ ወንድ ከኖረች ከ5 ዓመት በኋላ 19 ልጆች መውለዷ በ2011 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ዘሩን ያን ያህል ጊዜ አኑራው ነበር! ጐረቤት ቢኖራት ኖሮ «ባሏን በላችው» መባሏ አይቀርም። ደግሞም ከዚህ ወገን ብዙዎቹ እናቶች ልጆቻቸው የመጀመሪያውን ቆዳ እስኪገፉ ድረስ አጠገባቸው ይሰነብታሉ።

አዲስ የተወለደው እፉኝት መርዙም የመርዝ ጥርሱም ከእርሱ ጋር ነው። ለጥቂት ቀን በሆዱ በቀረው አስኳል ይኖራል፤ በኋላ ጠባቂው ለየብቻ ሣጥን ሰጥቶ፣ ፀጕር ያላበቀለ የአይጥ ልጅ ይመግበዋል። በክረምት ዕረፍት ወደ አገር ቤት የምትሄዱ ሁሉ፣ ትንሽ ነው ብላችሁ በእጃችሁ አትንኩት። የተነደፈ ሰው ብታገኙም ማሰር፣ መብጣት፣ መምጠጥ ይቅር፤ የተነደፈውን አካል ሳይንቀሳቀስ ይዛችሁ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት።

በደጋችን ብቻ የሚኖረው ቢቲስ ፓርቪዮኩላ ስም ያገኘው በ1977፣ የባሌው ቢቲስ ሐረና ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያው በባሕር ማዶ ሣጥኖች ውስጥ ወልዷል። በገዛ ጫካው ስትወልድ ቆሞ የሚመዘግብ ከባዮሎጂ ተማሪዎቻችን መካከል ማን ይሆን? ፈቃደኛ ካለ ከስብሰባው በኋላ ያነጋግረኝ፤ ረጅም ቦት ጫማ ግን ራሱ ያምጣ።