ከኦፕራሲዮን በኋላ ቀስ እያሉ መነሳት
(ፊንጣስ፣ በዓርብ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ አምና «የት ጠፋሽ?» ስትሉኝ የነበራችሁ፣ ትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ሆኜ ነው። ሆዴን በሰፊው ነው የከፈቱት።

ሐኪሙ «ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳታነሺ» አለኝ። በአሥረኛው ቀን ሕመሙ ቀለል ሲለኝ፣ ማንም ሳያዘኝ ሳሎኑን ወልውዬ፣ 20 ኪሎ የሚሆነውን የውሃ እቃ አንስቼ ማቀዝቀዣው ላይ ገለበጥኩት። ማታ ቁስሉ ደማ። ለምን አደረግሽው ብትሉኝ፣ ፈርቼ ነው። ካልሠራሁ ትኬት ይቆርጡልኛል፣ እናቴም የወሩን ትጠብቃለች ብዬ።

ቆዳው ቢገጥምም ከሥር ያለው ገና አልጠናም። ተኝቶ መዋልም ግን ጥሩ አይደለም፤ እግር ላይ ደም ይረጋል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ተነስታችሁ ቤት ውስጥ ተራመዱ። ከአልጋ ስትነሱ በጎን ዞራችሁ፣ እግር አውርዳችሁ፣ በክንዳችሁ ተደገፉ። ስታስሉ ቁስሉን በትራስ ደገፍ አድርጉት።

ከዚያ በኋላ በስልኬ ሰዓት እየሞላሁ፣ አሥር ደቂቃ ሠርቼ፣ ሳይደክመኝ ቁጭ እል ነበር። ልብስ ማጠፍና አትክልት መክተፍ ቁጭ ብዬ ነው። በማግስቱ ካመመኝ ትናንት በዝቷል ማለት ነው፣ እቀንሳለሁ። ካላመመኝ አምስት ደቂቃ እጨምራለሁ። ምንጣፍ መጎተት፣ መሰላል መውጣት የለም። ሕፃኑን ከመሬት አላነሳም፤ እኔ እቀመጣለሁ፣ እሱ እቅፌ ላይ ይወጣል።

ማዳም እንድትረዳችሁ ሐኪሙን ስንት ሳምንት እንደሆነ በዐረብኛ አስጽፉት። የእኔዋ ወረቀቱን ስታይ ነው ዝም ያለችው። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ (ቁጥር 68፣ እ.ኤ.አ. 2015) በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ሰጥቶናል፣ ሕክምናችንንም በአሠሪው ላይ ጥሏል።

ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ መግል ካወጣ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አንድ እግር ካበጠ ቀን አታሳልፉ። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ወዲያው 112 ደውሉ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እኛም እንሄዳለን። ኦፕራሲዮን የተቀጠረላት እህት ካለች ቀድማ ትንገረን፤ ዓርብ ዕረፍት ያለን ተራ ገብተን እንጠይቃታለን። እኔ ብቻዬን ነበርኩ፣ እናንተ ብቻችሁን አትሁኑ።