የልብ ቫልቭ በቱቦ ሲቀየር



ሃይ ማላካል ውስጥ ለታመመ ሰው መዋጮ ሲዞር ያልሰጠ ያለ አይመስለኝም። አሁን አሁን ደግሞ «አገር ቤት ያሉት አባቴ ደረታቸው ሳይከፈት ቫልቭ ይቀየርላቸዋል ተባለ፤ የት ልላካቸው?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ነርስ ነኝና የማውቀውን ልንገራችሁ። ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት «በመሐል አንድ ነገር ቢፈጠርስ ማን አለ?» በሉ።

ሕክምናው በ2002 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ፣ ሩዋን ከተማ፣ በዶክተር አላን ክሪቢዬ ተጀመረ። አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው በብሽሽት ደም ሥር ይገባና አዲሱ ቫልቭ በጠበበው አሮጌ ቫልቭ ውስጥ ይዘረጋል። በዋናነት የአረጋውያን ነው። አገራችን ውስጥ ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳው የቫልቭ ሕመም ግን ሌላ ነው፤ በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ተነሥቶ በሩማቲክ ትኩሳት ይመጣል። ዶክተር በላይ አበጋዝ የደከሙለትና በ2009 እ.ኤ.አ. በጥቁር አንበሳ ግቢ የተከፈተው የልብ ማዕከል ብዙ እንዲህ ያሉ ልጆችን አክሟል።

ወደ ችግሮቹ ልመለስ። የብሽሽቱ ደም ሥር ሊቀደድ ይችላል፤ ያን ጊዜ በውስጡ ፊኛ ተነፍቶ ደሙ ይገታል፣ ቀዳዳውም ይደፈናል። ሽቦው የልብን ግድግዳ ከወጋ ደም ልብን ከውጭ ያፍናታል፤ በደቂቃዎች ውስጥ በመርፌ ካልተቀዳ ሰውየው ይሞታል፣ አልቆም ካለም ደረት ይከፈታል። ቫልቩ ከቦታው ከተንሸራተተ ሁለተኛ ቫልቭ ያስፈልጋል። ለልብ ደም የሚያደርሱ ሥሮች አፍ እንዳይዘጋም አስቀድሞ በሲቲ ስካን ይለካል። እንግዲህ የልብ ቀዶ ሐኪም፣ የተዘጋጀ ደምና የጽኑ ሕሙማን ክፍል እዚያው ሕንፃ ውስጥ አሉ ወይ? «እንጠራለን» የሚል መልስ አይበቃም።

በጣም የሚረሳው የልብ ምት መዘግየት ነው። አዲሱ ቫልቭ ምቱን የሚያስተላልፈውን መስመር ይጫነዋል፤ ይህም ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል። አንድ የማውቃቸው አባት የመመለሻ ትኬታቸው አስቀድሞ ተቆርጦ ነበር። በአራተኛው ቀን ሻንጣ ሲዘጉ ወደቁ፤ ፔስሜከር ተገባላቸው። ዳኑ፣ ግን መዋጮው ለቫልቩ ብቻ ተቆጥሮ ስለነበር ልጆቻቸው ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ሲደውሉ አደሩ።

ስለዚህ ለፔስሜከርና ለተጨማሪ አልጋ ገንዘብ ለብቻ ይቀመጥ፤ ትኬቱም ቀኑ የሚቀየር ይሁን። ከወጡ በኋላ ራስ መሳት፣ የአንድ ወገን መድከም፣ ትኩሳት ወይም የብሽሽት እብጠት ከታየ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይመለሱ።