ሰማያዊው ጥለት



በዚህ የኢዮቤልዩ በዓል ዝግጅት ሰሞን አንድ ሐሳብ ቀርቦልናል። ይኸውም በማኅበራችን ዓርማ ላይ ከአማርኛው ጽሑፍ ጎን ፈረንሳይኛ ይጨመር የሚል ነው። እዚህ ጅቡቲ ተወልደው በፈረንሳይኛ የሚማሩ ልጆቻችን ማኅበሩን የእኛ ነው እንዲሉት ታስቦ ነው። በዚህ ጉዳይ የካናዳን ታሪክ ማንሳት ይጠቅመናል፤ ወደዚያ የሄዱ ዘመዶች ያሉን ጥቂቶች አይደለንም።

የካናዳ ሰንደቅ ዓላማ ቀይና ነጭ ሆኖ መካከሉ ላይ የሜፕል ቅጠል ያለበት ሲሆን፣ የተሰቀለው በፈረንጅ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1965 ነው። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ እንቆጥራለን።) በ1964 ጠቅላይ ሚኒስትር ፒርሰን የወደዱት ንድፍ ግራና ቀኙ ሰማያዊ ነበር። ሰማያዊው ግን ለባሕሩ እንጂ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪው አልነበረም፤ እሱም ቢሆን ተቀባይነት አጣ።

ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ኬቤክ ትገንጠል አትገንጠል የሚለው ሕዝበ ውሳኔ ሲቃረብ፣ አገሪቱ እንዳትከፈል የሚፈልጉ ወገኖች መንግሥት ያላወቀው ሌላ ባንዲራ ይዘው ወጡ። ቅጠሉን አልነኩም። በሁለቱ ቀይ መደቦች ላይ ብቻ እንደ ነጠላ ጥለት ሰማያዊ አስገቡበት። የጥለቱ ስፋት የፈረንሳይኛ ተናጋሪውን ብዛት በተቀራራቢ እንዲያሳይ የተደረገ ነው። በዚያን ጊዜ ከአራት ካናዳዊ አንዱ ገደማ አፉን የፈታው በፈረንሳይኛ ነበርና።

እኛ ሐሳቡን ወደነዋል። ሰው ለሰው ፈቀቅ ብሎ ቦታ መልቀቁ ያስመሰግናል። ኦክቶበር 30 ቀን 1995 ድምፅ ተሰጠና አንገንጠልም ያሉት በ50.58 ከመቶ አሸነፉ፤ ልዩነቱ 54,288 ድምፅ ብቻ ነበር። አገሪቱ ሳትከፈል ቀረች። ባለጥለቱ ባንዲራ ግን የመንግሥት ሳይሆን ቀረ።

የኬቤክ ሰዎች ከ1948 ጀምሮ የራሳቸው ሰማያዊና ነጭ ባንዲራ አላቸው። እሱን ሰቅለው ለሚኖሩ ሰዎች «እናንተንም አስገብተናችኋል» ማለት ብቻውን ልብ የሚያሞቅ አይመስለንም።

ስለዚህ የእኛ ዓርማ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ልጆቹ ራሳቸው ይናገሩ እንላለን። ምናልባት ከፈረንሳይኛው ይልቅ አማርኛው ጎላ ብሎ እንዲጻፍ ይፈልጉ ይሆናል፤ እኛን አይገርመንም። ንድፉን በሚሠራው ኮሚቴ ውስጥ ከወጣቶቹ አንድ ወንድና አንዲት ሴት እንዲገቡ ጠይቀናል። የጨርቁን ወጪ እኛ እንችላለን።