ቡና በመካ ሸንጎ ፊት

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

  ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ይህን ዝግጅት ስትከታተሉ ምናልባት ረከቦቱ ከፊታችሁ ቀርቦ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ የዛሬው የታሪክ ጨዋታችን ስለዚያው በእጃችሁ ስለያዛችሁት ነው። ቡና አንድ ጊዜ በመካ ከተማ ተከሶ ለፍርድ ቀርቦ ነበር።

ቡናን ወደ የመን ካስገቡት ሰዎች መካከል ስማቸው የሚነሣው የዓደኑ ዓሊም ሸይኽ ሙሐመድ አል-ዘብሓኒ ናቸው። ዐብዱልቃዲር አል-ጀዚሪ በ1558 (እ.ኤ.አ.) በጻፉት ስለ ቡና በሚያወሳ መጽሐፍ እንደተዘገበው፣ ሸይኹ ወደኛው ወገን፣ ከባሕር ማዶ ወዳለው ምድር ተሻግረው ሳለ ሰዎች ቡና ሲጠቀሙ አዩ። ዓደን ተመልሰው ሲታመሙ ትዝ አላቸውና ጠጡት፤ ተሻላቸው። ድካምና እንቅልፍን እንደሚያባርርም ተረዱ። ከዚያ ወዲህ የየመን ሱፊዮች ለሌሊት ዒባዳና ለዚክር መበርቻ አደረጉት። ሸይኹ በ1470 አካባቢ ወደ አኺራ ሄዱ፤ ቡናው ግን ጉዞውን ቀጠለ፤ መካም ደረሰ።

በ917 ዓመተ ሂጅራ (1511 እ.ኤ.አ.) መካ በግብጽ መምሉኮች ሥር ነበረች። የከተማዋ ሙሕተሲብ፣ ማለትም የገበያና የሥነ ምግባር ተቆጣጣሪ፣ ኻኢር ቤግ ይባል ነበር። አንድ ሌሊት ጠዋፍ አድርጎ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከሐረሙ ጥግ ሰዎች ፋኖስ አብርተው ተሰብስበው አየ። እሱን ሲያዩ ፋኖሱን አጠፉ። ጠጋ ቢል ጽዋ እየተቀባበሉ የሚጠጡት ነገር አላቸው። ምን እንደሆነ ቢጠይቅ «ቀህዋ» ነው አሉት። ይህ ቃል ደግሞ በጥንቱ ዐረብኛ ከኸምር ስሞች አንዱ ነበር!

በማግሥቱ ዑለማዎችን ሰበሰበ። እነሱም ነገሩን ለሁለት ከፈሉት፦ እንዲህ ያለው ስብሰባ ተገቢ አይደለም፤ መጠጡ ግን በመሠረቱ የተፈቀደ ነው፤ ጉዳት ካለው ሐኪም ይንገረን አሉ። ሁለት ወንድማማች ሐኪሞች ቀርበው «ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፤ ይጎዳል» ሲሉ መሰከሩ። ሌሎችም «አእምሮ ይለውጣል» አሉ። እንደሚተረከው አንዱ ምስክር «እንደ ኸምር ያሰክራል» ቢል፣ «የኸምርን ስካር በምን አወቅኸው?» ተባለ። ጠጥቶ እንደሚያውቅ አመነና ቡናን ሊያስቀጣ መጥቶ ራሱ ተገረፈ።

ያም ሆኖ ቡና ተከለከለ። በመንገድ ላይ ተቃጠለ፤ ሻጮቹም ተደበደቡ። ጉዳዩ ተጽፎ ካይሮ ወደነበሩት ሱልጣን ቃንሱህ አል-ገውሪ ተላከ። የሱልጣኑ መልስ ግን ያልተገቡ ስብሰባዎችን ከመከልከል አላለፈም፤ ቡናን ራሱን ሐራም አላለም። በቀጣዩ ዓመት በኻኢር ቤግ ቦታ ሌላ ሹም ተተካ፤ ቡናም ወደ ፍንጃሉ ተመለሰ።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች! ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛው፣ ስሙን ሰምተን ወይም በጨለማ አይተን «ሐራም ነው» ለማለት አንቸኩል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ነሕል 116ኛው አንቀጽ፣ ያለ ማስረጃ ይህ ሐላል ነው ያኛው ሐራም ነው እያሉ በስሙ ከመናገር አስጠንቅቆናል። ጎረቤት የነገረንን፣ ሰው ያስተላለፈልንን ሁሉ ፈትዋ አድርገን ቤተሰብ ከቤተሰብ አናጣላ፤ የሚያውቁትን እንጠይቅ።

ሁለተኛው ወደራሳችን ይዞራል። ዑለማዎቹ መጠጡንና ስብሰባውን ለይተው አይተዋል። እኛስ? ጀበናችን ሐላል ነው፤ ዙሪያው ላይ የሚወራውስ? ቆሎው ሳይበቃን የሰው ስም የቡና ቁርስ የምናደርግ ስንቶቻችን ነን? ሐሜት በሱረቱ አል-ሑጁራት የሞተ ወንድምን ሥጋ ከመብላት ጋር ተመሳስሏል። ያ ፍሬ ለዒባዳ መበርቻ ሆኖ ባሕር ተሻገረ፤ በእኛ ቤት የወንጀል ማጀቢያ አይሁን። አቦሉን በቢስሚላህ ጀምረን፣ ቶናውን የታመመን በመጠየቅና የተጣላን በማስታረቅ አሳልፈን፣ ሦስተኛው እንደ ስሙ በረካ ይሁንልን።

አላህ (ሱ.ወ.) አንደበታችንን ይጠብቅልን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።