የተቀረጸ ትምህርትና የዜማ ልምምድ



አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በ16ኛው መቶ ዓመት የዜማውን ምልክት እንዳዘጋጁ ይነገራል። ይሁንና ምልክቱ አስታዋሽ ነው እንጂ መምህር አይደለም፤ ተማሪው ዜማውን የሚቀበለው ከመምህሩ አፍ፣ ሲስትም የሚታረመው እዚያው ነው።

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ቆሼ ሠፈር፣ ቀን ሥራ ውሎ ማታ ዜማ ለሚማር ሰው በእጅ ስልክ የተቀረጸ ትምህርት ታላቅ ረዳት ነው። መምህሩን ብቻ ቀርጾ የራሱን ስሕተት ቢያስቀር ግን ዋናውን ጥሏል። ሰው ሲያዜም የራሱን ድምፅ በራስ ቅሉ አጥንት በኩልም ስለሚሰማ ወፍሮ ይሰማዋል። ከመቅረጫው ሲያደምጠው «የእኔ አይደለም» የሚለው ብዙ ነው፤ ምእመኑ የሚሰማው ግን እርሱኑ ነው!

ስለዚህ ስሕተቱና እርማቱ የተከታተሉበት አጭር ክፍል ይደመጥ፤ መቅረጫው ይዘጋ፤ ተማሪው ሐረጉን ብቻውን ያዚም፤ ቀርጾም ያመሳክር። ከተቀረጸው የመምህሩ ድምፅ ጋር አብሮ ማዜም ቢያስደስትም ጉድለትን ይሸፍናል።